ዝንጉርጉሮቹ ክር ሳይጥሉ

«ዝንጉርጉሮቹ ዛሬውኑ ይቃጠሉ። ልጅቷም ከነገ ጀምሮ ትል ቤት አትገባም» አለ ድምፁ። እኔ በዚያ ሰዓት በጀርባዬ ተንጋልዬ ግማሽ አካሌ ማቀዝቀዣ ሞተር ሥር፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። በእኔ ጆሮና በተናጋሪው ጫማ መሀል ያለችው አንዲት ስስ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ናት። በዚህ ከተማ እኔ እጄን ያላሳረፍኩበት ፍሪጅ ካለ እሱ ፍሪጅ ሳይሆን ቁም ሣጥን ነው። የሐር ትል ምርምር ጣቢያውም የትሎቹ ክፍል ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ሌላ ሰው አይጠራም፤ ይጥራ ቢባልም የሚጠራው አያገኝም። እኔ ባልኖር ሐር የሚባል ነገር ከምድር ላይ ጠፍቶ ሙሽሮች ሁሉ ጆንያ ለብሰው ይዳሩ ነበር። እንግዲህ ሞተሩ ሥር ሆኜ አንዲት ብሎን በጥርሴ ነክሼ ሳለሁ ነው ይህን የሰማሁት። «ልጅቷ» የተባለችው ደግሞ የእኔው የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ባለች አልጋ የምታድር፣ እዚሁ ጣቢያ ተመራማሪ የሆነች፣ እኔ «ሚጢ» እያልኩ የምጠራት።

ተናጋሪው የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ሁሉም «ዶክተሩ» ይሉታል። የምትሰማው ሴት የትል ቤቱ አለቃ ናት። ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ከበር ጠባቂው እስከ ዶክተሩ ድረስ «እትዬ ደንብ» ነው የሚሏት፣ እሷም አቤት ትላለች። ትል ቤት ሽቶ ተቀብቶ የመጣን ሰው፣ ሚኒስትርም ይሁን፣ ከበር ትመልሳለች። የሐር ትል የሽቶ ሽታ ይገድለዋል፤ የሲጋራ ሽታ ይገድለዋል፤ የዝንብ መርጫ የነካ እጅ ደጃፍ ላይ ቢያልፍም ያልቅለታል። «ክር ሳይጥሉ ነው?» ስትል ሰማኋት። «ክር ሳይጥሉ እንጂ! ከጣሉ በኋላማ ከነጮቹ በምን ትለያቸዋለሽ?» አላት ዶክተሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያደገ ትል አንድ ቀን ቅጠል መብላቱን ያቆምና ራሱን ቀና አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከዚያ የመጀመሪያዋን ክር ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ሸፍኖ ነጭ ጎጆ ውስጥ ይገባል። ዝንጉርጉሩም ነጩም የሚሠራው ያው ነጭ ጎጆ ስለሆነ አንዴ ከገባ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሚጢ ትሎች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ራሳቸውን ቀና ማድረግ ጀምረዋል።

ሚጢ የምትጠብቀው ቤተሰብ ነጭ ለነጭ እየተዳቀለ የኖረ፣ አንድም ነጥብ የሌለበት ዘር ነበር። በዚህ ዙር ግን ከነጮቹ መሀል ጀርባቸው ላይ ጥቁር መስመር የተጋደመባቸው ጥቂት ትሎች ወጡ። እትዬ ደንብ ቅጠል ስትቀይር አየችና ደንቡ እንደሚለው በዚያው ቀን ለዶክተሩ ነገረች። ዶክተሩም ሁለት ጊዜ አላሰበም፤ ዝንጉርጉር ትል የሚረባው ቀጥሎ ባለው ክፍል ስለሆነ ልጅቷ እንቁላል ቀላቅላለች አለ። በዚያ ግቢ ገንዘብ የሰረቀ ይቅር ይባል ይሆናል፤ ዘር የቀላቀለ ግን በሄደበት ሁሉ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ብሎኗን ከጥርሴ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። እንደ እባብ ተስቤ ወጥቼ ሞተሩን ሆዱን እንደከፈትኩት ትቼ ሄድኩ።

የሚጢ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ገንዳ፣ ሁለት ጊዜ ከሞት ያስነሣሁት አንድ ፍሪጅ፣ ከእሱ አጠገብ ደግሞ በመስታወት የተከደነች የመጽሐፍ ስፋት ያላት ሣጥን። ሣጥኗ ውስጥ እንደ ወፍራም ገንፎ የረጋ ነገር ውሃ ውስጥ ተኝቷል፤ «ጄል» ይሉታል። ሚጢ በቀጭን መምጠጫ ሰማያዊ ጠብታ ጄሉ ጫፍ ላይ ባለች ጉድጓድ ውስጥ እየጨመረች ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት። ጠብታዋን ጨርሳ መምጠጫውን አስቀመጠች፤ ከዚያ ነው ወንበሩን የፈለገችው።

«አልቀላቀልኩም፣ ጋሼ።»

«እኔ ላንቺ ልማልልሽ? ጨውና ስኳር እንኳ አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጪም እኮ!»

ያኔ ነው ያስረዳችኝ፤ እኔም ከማንኛውም ፕሮፌሰር ቀድሜ ገባኝ። ትሉ ከእናት ከአባቱ የወረሰው ዲኤንኤ ረጅም ጽሑፍ ነው እንበል። የዚያ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ሥራ የሌለው የሚመስል፣ ያንኑ እየደጋገመ የሚያወራ ነው። አንዱ ቁራጭ ራሱን ይገለብጥና ሌላ ቦታ ሄዶ ይለጠፋል፤ ያም እንደገና ይገለበጣል። ድሮ ቆሻሻ ነው ብለው ትተውት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጠቅም፣ ማንንም አይጎዳ። «አንተን ነው የሚመስለው ጋሼ» አለች ሳትስቅ፤ «አንዷን ወሬ ፀጉር ቤት ትናገራታለህ፣ ዳቦ ቤት ትለጥፋታለህ፣ ማታ እኛው ላይ ትመጣለች።» እኔም እንደ ሙገሳ ተቀበልኩት። «አንዳንዴ ግን» አለች፣ «የሚለጠፍበት ቦታ ክፉ ወይም ደግ ይሆናል። ቀለም የሚያወጣ ጂን ደጃፍ ላይ ይለጠፍና ተኝቶ የኖረውን ይቀሰቅሰዋል። ማንም ሳይቀላቅል፣ ከነጩ ከራሱ ዝንጉርጉር ይወለዳል። ዘር ከጥንት ጀምሮ ሲለወጥ የኖረው በእንዲህ ዓይነቱም ነገር ነው። የእኔዎቹ ላይ የሆነው ይሄ ይመስለኛል።»

ይመስለኛል ብቻውን ሰው አያድንም፤ ማረጋገጫው ጄሉ ላይ ነበር። ከአንዱ ዝንጉርጉር ትል አንዲት የደም ጠብታ ወስዳ፣ ያን የቀለም ጂን ደጃፍ ቆርጣ በማሽን አባዝታለች። አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን ታስሮጣቸዋለች፤ የነጩን፣ የጎረቤቱን የድሮ ዝንጉርጉር፣ የራሷን። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ሁሉም በጄሉ ውስጥ ወደ ታች ይሮጣሉ። አጭር ቁራጭ ይፈጥናል፤ ረጅም ቁራጭ ይጎተታል። የነጩና የድሮው ዝንጉርጉር እኩል ነው የሚሮጡት። የእሷም እኩል ከሮጠ እንቁላል ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ ሥራዋም ስሟም አበቃ። ወደ ኋላ ከቀረ ግን ላዩ ላይ ሌላ ቁራጭ ተለጥፎበታል ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ በሩጫም በወሬም ተሸንፌ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ቆሜ ለመሸነፍ ጸለይኩ። ማብሪያዋን ተጫነች፤ ከጄሉ ጫፍ ትንንሽ አረፋ ተነሣ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ እንደ በረዶ ነበሩ። «አንድ ነገር ልለምንህ ጋሼ። ዛሬ ስለ እኔ ለማንም ምንም አትናገር። ጥሩም ቢሆን።»

«ምን በወጣኝ!» አልኳት። ከልቤ ነበር።

ወደ ሞተሬ ስመለስ ዶክተሩ አጠገቡ ቆሞ የተከፈተውን ሆድ ያያል። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን አይጨምርም፣ ከሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም። ሞተሩ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአንዲት ቫልቭ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ «ይሄማ ከደመወዜ ሊበልጥ ምን ቀረው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ብሄድ፣ ወይም ጎንበስ ብል፣ ወይም ያችን ብሎን እንደገና ብነክሳት ኖሮ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ አልነበረም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ለዝንብ በር መክፈት ልማዱ ነው። ሊሄድ ፊቱን ሲያዞር፣ ልጄን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ሊያወጣት ያለ ሰው ጀርባውን ሲሰጠኝ፣ አላስቻለኝም።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ያቺ ልጅ በትል ጉዳይ ቀላል ሰው እንዳትመስልዎ። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ አውቃለሁ።»

«እንዴት ማለት?»

«ከዚህ ቁመቷ ጀምሮ ነው ትል ያረባችው። እኛ ቤት! ነጩ አለ፣ ቢጫው አለ፣ ዝንጉርጉሩማ ተቆጥሮ አያልቅም። ፍሪጄን ነው ያስለቀቀችኝ። ሌሊት ቅጠል ሲበሉ ዝናብ የመጣ መስሎን ልብስ ልናስገባ እንወጣለን።»

ይህን ስናገር በውስጤ ደስ እያለኝ ነበር፤ ቃሉ እየጣፈጠኝ፣ አንዱ ሌላውን እየወለደ። ዶክተሩ ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ አድናቆት ፈልጌ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። «እቤት?» አለ። «አሁንም አሉ?» እኔም፣ አፉን ያዘጋሁት እየመሰለኝ፣ «ሞልተው!» አልኩት። ሁለት እስክሪብቶዎቹን ነካ አደረጋቸውና ሄደ። የጫማው ድምፅ ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርስ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ልጅቷ ከውጭ ዝንጉርጉር ትል አምጥታ ቀላቀለች ለማለት አንድ ምስክር ጎድሎት ነበር፤ ምስክሩን እኔው ሠርቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ሮጬ ስደርስ ሚጢ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዶክተሩ ፊት ለፊቷ፣ እትዬ ደንብ ከኋላው። እጁን በሩ መቃን ላይ ዘርግቷል። «አሁን ቤትሽን እናያለን» ይላል። «ከውጭ የመጣ ትል ከነበሽታው ነው የሚመጣው። እኔ በዘር ብቻ አይደለም የተጨነቅኩት።» ሚጢ እኔን አየችኝ። ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ዓይኗ ወደ እኔ አልመጣም። «ጄሉ እየሮጠ ነው ዶክተር፤ ላጥፋውና እንሂድ» አለች። «ምንም አትነኪም» አላት። «ካልጠፋ ጫፉን አልፎ ይወጣል! ያለኝ እሱ ብቻ ነው!» አለች። ዶክተሩ በሩን ዘጋውና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለእትዬ ደንብ ደግሞ፣ «የነገርኩሽን አትርሺ፤ ክር ሳይጥሉ» ብሎ ወደ መኪናው መራን።

መኪናው ውስጥ ሚጢ ከፊት ተቀምጣ የመስታወቱን ጠርዝ በጥፍሯ ትጭራለች፤ እኔ ከኋላ የመሣሪያ ሣጥኔን ታቅፌ ነበር። መንገዱ ተጨናንቋል፤ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ፊታችን ቆሞ አንድ ሰውዬ ከሾፌሩ ጋር በኪሎ ዋጋ ይጨቃጨቃል። ዶክተሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ለማንም ሳይሆን ለመንገዱ የሚናገር ይመስል፣ «አንድ ጊዜ ከውጭ በገባ አንድ ትሪ ትል ምክንያት ሙሉ ትል ቤት አቃጥያለሁ። በገዛ እጄ። ሽታው ከልብሴ አልወጣ ብሎ ልብሱንም አቃጠልኩት» አለ። እስከዚያ ድረስ ሰውዬውን ክፉ ነው እያልኩ ነበር። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ የፈራ ሰው ግን በወሬ አይመለስም።

ቤቴ ከጋራዥ ጀርባ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩት ክፍሎች አንዱ ነው። እኔ ለሰው ስናገር «ግቢ» ነው የምለው። ደጁ ላይ በር የሌላቸው የፍሪጅ ቀፎዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ውስጥ ባለቤቴ ሽንኩርት ታስቀምጣለች። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስንገባ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ከፊቷ፣ መርፌ ከከንፈሯ ነበር። ዶክተሩ ይቅርታ ጠይቆ ገባ። ክፍሏን በዓይኑ ዞራት፤ የስፌት ማሽኑን፣ አልጋችንን፣ አከራያችን ኪራይ በጨመረ ማግሥት የሸጥነው ቁም ሣጥን ቆሞበት የነበረውን የግድግዳ ጥላሸት፣ የሚጢን መጋረጃ። መጋረጃውን ራሷ ሚጢ ከፈተችው። አንድ አልጋ፣ መጻሕፍት፣ ሁለት ጫማ። ከዚያ ፍሪጁን ከፈተው። ውስጡ ግማሽ ሎሚ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ የትናንት ሩዝ። በዚህ ከተማ ስሙ የናኘው ጠጋኝ የራሱ ፍሪጅ ደግሞ መብራቱ አይበራም።

«ትሎቹ የት ናቸው?» አለ ዶክተሩ።

«የምን ትል?» አለች ባለቤቴ መርፌውን ከአፏ አውጥታ። ፊታችንን በየተራ አየች፤ እኔ ላይ ስትደርስ ገባት። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንዲህ ያለው ቶሎ ይገባዋል። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ በቀደም ዕለት የከተማውን ኃይል ማመንጫ ጠገንኩ ብሎኝ ነበር። የጠገነው የዳቦ ቤቱን ፍሪጅ ነው። እሱ ያለውን ይዘው ከመጡ መንገድዎ በከንቱ ነው።»

«ወይም ቀድሞ ደውሎ አስነሥቷቸዋል» አለ ዶክተሩ። አልጮኸም። «ጠዋት ያናገርኩት ሰውና አሁን እዚህ የቆመው ሰው፣ ከሁለቱ አንዳቸው ይዋሻሉ። የትኛውን ልመን?»

የስፌት ማሽኑ ጎማ ባለቤቴ ስትነሣ ነክታው ኖሮ በቀስታ ይዞራል። ብዙ መልስ መጣልኝ። ትሎቹን ለወዳጅ ሰጠኋቸው ማለት እችል ነበር፤ በልጅነቷ ነበር ማለት እችል ነበር፤ አሥር መውጫ አሥር በር ታየኝ። ከአሥሩ በር በየትኛውም ብወጣ ሚጢ ከኋላዬ ውስጥ ትቀራለች። «ጠዋት የነበረው ነው የዋሸው» አልኩ። «በዚህ ቤት አንድም ትል ኖሮ አያውቅም። እኔም የሐር ትል ያየሁት እናንተ ዘንድ ብቻ ነው።» ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ምንም ያልተጨመረበት ንግግር እንዲህ አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ለምን ዋሸህ?»

«እንዲያከብሯት።»

ባለቤቴ ዓይኗን ወደ ዩኒፎርሙ መለሰች። ሚጢ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። «እሱን አይመኑት ዶክተር» አለች፤ «እኔንም አይመኑኝ። ትሉን ይጠይቁት። ከቤት ያመጣሁት ወይም ከጎረቤት ክፍል የቀላቀልኩት ከሆነ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሮጣል። አሁን ካልሄድን ግን ሦስቱም ከጄሉ ወጥተው ውሃ ውስጥ ይፈስሳሉ፤ ያኔ እርስዎም እውነቱን አያገኙት።» ዶክተሩ ፍሪጁን ዘጋው። በሩ በደንብ አልገጥም ብሎት ሁለተኛ ገፋው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

የመልሱን መንገድ እንዴት እንደነዳ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እንደ ልማዴ አጋነነ ትላላችሁ። ግቢው ጋ ስንታጠፍ ከትል ቤቱ ጀርባ ጭስ አየን። ወፍራም፣ ነጭ ጭስ ነው፤ ከምድጃው ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሚጢ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ሮጣ ወደ ጭሱ ሳይሆን ወደ ጄሉ እንድትሄድ በልቤ እየለመንኩ ከኋላዋ ሮጥኩ፤ እሷ ግን ወደ ጭሱ ሄደች። ምድጃው አፉ ተከፍቶ ይነዳል፤ ከፊቱ እትዬ ደንብ ባዶ ትሪ ይዛ ቆማለች። ሚጢ ትሪውን አይታ ባለችበት ቀረች።

«ገለባና ፍርፋሪ ነው» አለች እትዬ ደንብ። «ትሎቹ ክር ጥለዋል።»

ዶክተሩ ሲደርስ ሰማው። «አዝዤሽ ነበር እኮ!»

«አዘዋል። ክር ሳይጥሉ ነው ያሉኝ። ምድጃውን ለኩሼ ስመለስ የመጀመሪያው ጥሎ አገኘሁት፤ ቆሜ ሳይ ሌሎቹም ተከተሉት። ክር የጣለ ትል አይነካም፤ አይነሣም፤ ትሪው አይነቀነቅም። ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት» አለች። እየተሟገተች አልነበረም፤ የትሪ ቁጥር እንደምታነብ ሰው ነበር አነጋገሯ። «ምድጃውን ከመለኮሴ በፊት ለብቻቸው ክፍል ለይቻቸው ነበር። አሁን በሩን አሽጌዋለሁ። ከነጮቹ አይቀላቀሉም።» ያቺን ሴት ልስማት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እጄ የሞተር ዘይት ስለሚሸት ብታየኝ ከግቢው ነበር የምታስወጣኝ።

የሚጢ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የሰማነው የማሽኑን ጥዝታ ነው። ሚጢ ማብሪያውን አጥፍታ ጎንበስ አለች። መንገድ መሪው ሰማያዊ ቀለም ጄሉ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ከፊሉም ወደ ውሃው ፈስሶ፣ ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። ትንፋሿን ሳትለቅ ጄሉን በሁለት እጇ መዳፍ እንደ አራስ ልጅ ተቀብላ አወጣችውና የዲኤንኤውን መስመር የሚያሳየው መብራት ላይ አስተኛችው። እትዬ ደንብ መጋረጃውን ሳበች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሚጢ የመብራቱን ቁልፍ ስትጫን ጨለማው ውስጥ መስመሮች በሩ። የነጩ፣ ጫፉ ላይ ሊወድቅ ሲል የተያዘ። የድሮው ዝንጉርጉር፣ ከእሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ። ሦስተኛው መንገድ ታች ባዶ ነበር።

«የለም» አልኩ። ሚጢ ጣቷን ሳታስነካ በባዶው መንገድ ላይ ወደ ላይ አስኬደችው፤ ሩቅ ድረስ። እዚያ ከሌሎቹ ሁሉ ኋላ የቀረች አንዲት ወፍራም መስመር አለች፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ትመስላለች። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ዶክተሩ ፊቱን ወደ መብራቱ እስኪጠጋ ድረስ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። እንዳየ፣ እንዳየ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ከሞተር የበለጠ እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅኩት።

«አንድ ጊዜ የወጣ ውጤት ውጤት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ድገሚው።»

«የወሰድኩት ደም አልቋል።»

«ሌላ ውሰጂ።»

«ከማን?» አለች ሚጢ።

ዝንጉርጉሮቹ በዚያች ሰዓት ለብቻቸው ክፍል ውስጥ ክራቸውን እየጠመጠሙ ነው፤ ማንም አይነካቸውም። ደም የሚገኘው ጎጆው ተሰብሮ ቢራቢሮዎቹ ሲወጡ ብቻ ነው። ለመውጣት ደግሞ መኖር አለባቸው። ዶክተሩ ይህንን ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያስበው ይታያል። በመጋረጃው ስንጥቅ የገባው ብርሃን እስክሪብቶዎቹ ላይ ያበራል። «ሲወጡ ይሆናላ» አለ። ወደ በሩ ሄደና እጀታውን ይዞ ቆመ። «የተሳሳትኩ እንደሆነ ያኔ እናገራለሁ። እስከዚያ ብቻሽን አትገቢም። ስትገቢ እትዬ ደንብ አብራሽ ትሆናለች።»

«ሽቶ ሳትቀባ» አለች እትዬ ደንብ።

ሞተሩን ሆዱን ዘግቼ፣ ቅዝቃዜው መውረዱን አይቼ ስወጣ ሥራ ሊያበቃ ትንሽ ቀርቶታል። ሚጢ ግቢው መሀል ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ ወይም አውቶቡሱን ትጠብቅ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ከጠዋት ጀምሮ አላናገረችኝም። ጎን ለጎን ወደ በሩ ሄድን። በር ጠባቂው ከወንበሩ ተነሣ፤ ወሬ የተራበ ሰው ዓይን አለው።

«ጋሽዬ! ልጅቷን አባረሯት አሉ፤ ትሎቹንም አቃጠሉ አሉ። እውነት ነው እንዴ? ምን ሆነ?»

ያን ጊዜ አፌ ውስጥ የተሰበሰበውን ብታውቁ! ዶክተሩ እግሯ ላይ ሲወድቅ፣ ጄሉ ሲያበራ መንደሩ በሙሉ ቀን ሲሆን፣ እኔ መሪውን ከሰውዬው ነጥቄ በእግረኛ መንገድ ስነዳ። ሁሉም ተሰልፈው ምላሴ ላይ ቆመዋል። ሚጢ ፊት ለፊቷን፣ መንገዱን ታያለች። ትከሻዋ ግን ጠብቆ ነበር፤ ዱላ የሚጠብቅ ሰው ትከሻ ነው።

«አልተባረረችም» አልኩት። «ትሎቹም አልተቃጠሉም። ምርመራው ገና ይደገማል።»

በር ጠባቂው ጠበቀ። እኔም የጨመርኩት አልነበረም።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ወደ ሚጢ ዞረና በሹክሹክታ፣ «አሟቸዋል እንዴ?» አላት። ሚጢ አየችኝ፤ አፌን፣ ከዚያ ዓይኔን። «ትንሽ» አለችውና የመሣሪያ ሣጥኔን በአንድ በኩል ያዘችልኝ። ለሁለት ተሸክመነው ወጣን።